የጥር ሥራ በኅዳር ይፈለጋል

ጥር 9 ከሰዓት በኋላ ከደባርቅ ወደ ጎንደር የሚወርደው ሚኒባስ ጠባብ ነው። በወንበሮቹ መሀል በርጩማ ይጨመራል፤ ከኋላ አንዱ ከበሮውን በጋቢ ጠቅልሎ ታቅፏል፤ ዳባት ላይ ደግሞ ማሲንቆ የያዘ ሌላ ይሳፈራል። ምን ልትሠሩ ነው ብትሏቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ "ጥምቀት አይደል? ሥራ አይጠፋም!"

እኔም አንድ ዓመት እንዲሁ ብዬ ወርጃለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ከአንዱ መድረክ ወደ ሌላው ስዞር ከረምኩ። በየሄድኩበት "ሰው ሞልቷል" ተባልኩ። ጥር 13 ለመሳፈሪያ ከአጎቴ ተበድሬ ተመለስኩ። ሥራ ጠፍቶ አልነበረም፤ እኔ ሳልደርስ ከሁለት ወር በፊት ተከፋፍሎ አልቆ ነበር እንጂ።

ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የሚለውን ሁሉም ያውቃል። ቀሚሱ ለጥር እንዲደርስ በኅዳር ለጥላፊ መሰጠት እንዳለበት ግን ልብ የሚለው ባለቀሚሷና ጥላፊዋ ብቻ ናቸው። ሥራውም እንደዚያው ነው። ይህን መመሪያ የምጽፈው ለደባርቅ፣ ለዳባት፣ ለአምባ ጊዮርጊስና በሰሜን ተራሮች ግርጌ ላሉ ቀበሌዎች ልጆች ነው። መዝፈንና መጨፈር ለምትችሉ ብቻ አይደለም፤ እንዲያውም ለማትችሉት ሳይብስ አይቀርም።

መጀመሪያ ባለቤቱን ለዩ

ጥምቀት በዓል ነው፤ ባለቤቱም ቤተ ክርስቲያን ናት። በ2012 ዓ.ም ዩኔስኮ በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሲያሰፍረው ይህ አልተለወጠም። ታቦቱ በሚያልፍበት መንገድ ምንጣፍ የሚያነጥፉት፣ ሕዝቡን እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚያስተናግዱት፣ የሚዘምሩት ወጣቶች የሚያገለግሉት ለነፍሳቸው ነው። እዚያ "ስንት ትከፍላላችሁ?" ማለት ነውር ነው። ማገልገል ከፈለጋችሁ ሂዱ፣ አገልግሉ፣ በረከት ነው። ለእንጀራ ከሆነ የመጣችሁት ግን ቦታው ሌላ ነው።

እንጀራው ያለው በበዓሉ ዙሪያ ነው። ከጥምቀት በፊት ባሉት ቀናት ጎንደር ላይ የባህል ትርዒት፣ ባዛር፣ ዐውደ ርእይ፣ የሙዚቃ ድግስ ይዘጋጃል። ሆቴሎች በየግቢያቸው የባህል ምሽት ያሰናዳሉ። ቢራ ፋብሪካዎችና ባንኮች ስማቸው የተለጠፈበት መድረክ ያቆማሉ። (ጎንደር ውስጥ የሚጠመቀው ቢራ ስሙን ከኛው ተራራ ከዳሸን ወስዷል፤ ታዲያ መድረኩ ላይ ከተራራው የመጣ ሰው ቢቆም ምን ይገርማል?) የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ለቀጥታ ስርጭት ገመድ ይዘረጋሉ። ከአዲስ አበባ የሚመጡ አስጎብኚ ድርጅቶች እንግዶቻቸውን ይዘው ይወርዳሉ። እነዚህ ሁሉ ሰው ይቀጥራሉ፤ እያንዳንዳቸው ግን የሚቀጥሩበት ጊዜ፣ የሚያናግሩት ሰውና የሚከፍሉበት መንገድ ይለያያል። ደብተር ያዙና ዝግጅቱ የማን እንደሆነ፣ ገንዘቡን ማን እንደሚያወጣ፣ ሰው የሚመርጠው ማን እንደሆነ በሦስት ረድፍ ጻፉ። ብዙ ጊዜ ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። እኔ በዚያ ዓመት ሳስጨንቅ የነበረው ገንዘብ የሚያወጡትን ነበር፤ ሰው የሚመርጠው ግን ጥግ ላይ ቁልፍ ይዞ የቆመው ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር።

አንድ በዓል ላይ ብቻም አትንጠልጠሉ። መስከረም 16 ደመራ አለ። ታኅሣሥ 29 የላሊበላ ገና አለ። ጥር ውስጥ ባሕር ዳር "ጥርን በባሕር ዳር" ትላለች። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ይወጣሉ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሰቆጣ ሻደይን፣ ላስታ አሸንድዬን፣ ቆቦ ሶለልን ያከብራሉ። ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው። ከዐቢይ ጾም በፊት ለማግባት አገሩ ሁሉ ይጣደፋል፤ ጥሩ አዝማሪ በዚያ ወር እንቅልፍ የለውም። ይህ ለጀማሪ መልካም ዜና ነው፤ የታወቁት ሠርግ ላይ ሲጠመዱ የሆቴሉ ምሽት ሰው ያጣልና።

ሙያችሁን በሌላ ስም ጥሩት

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

አንድ የመድረክ ዝግጅት ከጀርባው ሲታይ ምን ይመስላል? ዕቃ ተቆጥሮ ይጫናል። ድንኳን ይተከላል። ጀኔሬተር ይነሳል። ሠላሳ አርባ ሰው በሰዓቱ ቁርስ ይበላል። አማርኛ የማይሰማ እንግዳ በየት እንደሚገባ ይነገረዋል። አንዱ ያመዋል፣ አንዱ ይጠፋል፣ ዝናብ ባይኖር ነፋስ ይመጣል። ማታ ዕቃው ተቆጥሮ ይመለሳል። ይህ ሁሉ ተራራው ላይ ከሳንቃበር እስከ ጨነቅ በየሳምንቱ የሚደረግ ነገር አይደለም እንዴ? የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ቦታዎች አንዱ ነው። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ደባርቅ ያፈራችው ጋይድ፣ ኩክ፣ ስካውትና ባለበቅሎ ሳያውቀው የፌስቲቫል ሠራተኛ ሆኗል። የጎደለው ስሙን መቀየር ብቻ ነው።

ኩክ ከሆናችሁ ከ3,200 ሜትር በላይ፣ ነፋስ ላይ፣ በሁለት ምድጃ ለአሥራ አምስት ሰው ሦስት ዓይነት ምግብ አውጥታችኋል። ለአዘጋጁ "ምግብ እሠራለሁ" አትበሉት፤ ይህን የሚል ጎንደር ውስጥ ሞልቷል። "ወጥ ቤት በሌለበት ቦታ ለዚህን ያህል ሰው በሰዓቱ አደርሳለሁ፣ የራሴ ምድጃና ድስት አለኝ" በሉት። አንድ ነገር ደግሞ አስቀድማችሁ አስታውሱት፤ ጥር 10 ገሃድ ነው፣ ይጾማል። የጥር 10 የሠራተኛ ምሳ ሽሮ፣ ምስር፣ ተልባ ካልሆነ ግማሹ ሰው ሳይበላ ይውላል። በማግሥቱ ጥር 11 ግን ረቡዕም ሆነ ዓርብ ይፍሰካል። ይህን ሳይጠየቅ የሚናገር ኩክ ከሌላ አገር የመጣውን አዘጋጅ ልብ ወዲያው ይይዛል። ሥጋ የማይበሉ እንግዶችም የጾም ምግብ ሲቀርብላቸው ደስ ይላቸዋል።

ባለበቅሎ ወይም ጫኝ የሆናችሁ ዕቃ ማመጣጠን ታውቃላችሁ። ሞንታርቦና ሚክሰር ከመኪና አውርዶ ሳይላተም መድረክ ጀርባ ማድረስ የዚያው ወንድም ነው። በዓሉ የሚከበርበት የፋሲል መዋኛ አካባቢ በከተራና በጥምቀት ቀን ለመኪና ይዘጋል። ከተዘጋው በር ወዲህ ያለው ዕቃ በሰው ትከሻ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ በቡድን ስድስት ወይም ስምንት ሆናችሁ፣ አንድ አለቃ መርጣችሁ ቅረቡ። አዘጋጅ ስምንት ሰው ጋ በየተራ መደራደር አይወድም።

ስካውት የነበራችሁ ለዕቃ ጥበቃ፣ ለሌሊት ተረኝነት ትፈለጋላችሁ። መሣሪያችሁን ግን አገር ቤት ተዉት፤ ከሕዝብ መሀል ገብቶ ጣጣ ያመጣል እንጂ ሥራ አያመጣም።

ለጋይዶች ሥራው ግልጽ ነው፤ ትርጉም፣ እንግዳ መቀበል፣ ለውጭ ጋዜጠኛ መንገድ ማሳየት። ችግሩ ሌላ ነው። ጥር የተራራውም ዋና ወቅት ነው፤ በጋይዶች ማኅበር ውስጥ ተራ አለ። ለአራት ቀን ጎንደር ወርዳችሁ ተራችሁ ቢያልፍ የቱ ይበልጣል? በወረቀት አስሉት። እኔ ብሆን እንግሊዝኛዬ ደህና ከሆነ፣ ጥር 10ና 11 ከአንድ ቡድን ጋር ጎንደር ውዬ፣ ያንኑ ቡድን ጥር 12 ወይም 13 ይዤ ወደ ደባርቅ ለመውጣት ከማኅበሬ ጋር አስቀድሜ እነጋገር ነበር።

የእጅ ሙያ ያላችሁ፣ የበግ ፀጉር ቆብ የምትሠሩ፣ መሶብና አገልግል የምትሰፉ፣ ቀሚስ የምትጠልፉ፣ ባዛር ላይ ጠረጴዛ ለብቻ መከራየት ውድ ነው፤ ለአራት ተካፈሉ። ዋጋውን በቁጥር ጽፋችሁ ለጥፉ፤ ዋጋ ያልተጻፈበትን ዕቃ የውጭ ሰው ሳይጠይቅ ያልፈዋል። ዝርዝር ብር ያዙ፤ ቴሌብርም ክፈቱ። ሹሩባ የምትሠሩ እህቶች ግን ባዛር አያስፈልጋችሁም። ከጥር 6 ጀምሮ ዘመድ ቤት በረንዳ ላይ ወንበር ካወጣችሁ ደንበኛ ራሱ ፈልጎ ይመጣል፤ ከሁሉም ቶሎ ገንዘብ የሚያስገኘው ይህ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

አርቲስቶች በመጨረሻ መጡ፤ ሥራውም ላይ ቦታቸው ጠባብ ስለሆነ ነው። ለብቻ ከመሄድ በቡድን መሄድ ይሻላል። ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ ከበሮ፣ ሁለት ድምፅ፣ አራት እስክስታ ወራጅ ካላችሁ ሙሉ ናችሁ። አሥራ ሁለት ደቂቃ የሚወስድ አንድ ዝግጅት፣ አርባ ደቂቃ የሚወስድ ሌላ አንድ ዝግጅት አጥንታችሁ ያዙ። የመድረክ መሪ "ስንት ደቂቃ አላችሁ?" ሲላችሁ "እንደተመቸዎ" ካላችሁ ጀማሪ እንደሆናችሁ ያውቃል። ፋሲለደስ ኪነት ለጎንደር፣ ላሊበላ ኪነት ለወሎ፣ ግሽ አባይ ኪነት ለጎጃም ስም ያተረፉት ነጠላ ድምፃዊ ስለነበራቸው ብቻ አይደለም፤ ዝግጅታቸው ከመግቢያ እስከ መውጫ የተሰፋ ስለነበረ ነው። እናንተም የወረዳችሁን ውዝዋዜ አትተዉ። ጎንደር ውስጥ የጎንደርን ጭፈራ የሚያሳይ ሞልቷል፤ የጃናሞራንና የበየዳን ደጋ ጨዋታ የሚያሳይ ግን ጥቂት ነው።

ወረቀቱና ቪዲዮው

ይህን በጥቅምት ጨርሱት። የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ መታወቂያ ወይም ፋይዳ፣ የባንክ ሒሳብ፣ የሥራ ማስረጃ ካለ ፎቶ ኮፒው። የቲን ቁጥር አውጡ። ብዙ ልጆች "ግብር ውስጥ ልገባ ነው" ብለው ይፈራሉ፤ ነገር ግን ደንበኛ ድርጅት ሲከፍላችሁ ቲን የሌለው ላይ የሚቀነሰው ካለው ላይ ከሚቀነሰው እጅግ ይበልጣል። ቡድን ከሆናችሁ የከተማውን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ጠይቁ። የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ ደባርቅ ስለሆነች የዞኑም መምሪያ እዚያው ነው፤ ወረዳዎችና ዞኖች የባህል ቡድን ላኩ ሲባሉ መጀመሪያ የሚታሰበው ስሙ ፋይሉ ውስጥ ያለ ነው።

ቪዲዮ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ስልኩን አግድሙን ያዙት። ደጅ ላይ ግን አትቅረጹ፤ የደባርቅ ነፋስ ማሲንቆውን ይበላዋል፣ የሚሰማው "ሹ" የሚል ብቻ ነው። ጎጆ ወይም ክፍል ውስጥ፣ በር ከፍታችሁ ብርሃኑ ከፊት እንዲመጣ አድርጉ። መግቢያ ንግግር አያስፈልግም፤ ከመጀመሪያው ሴኮንድ ጨፍሩ። በቴሌግራም ስትልኩ ከሥሩ ሦስት መስመር ጻፉ፤ ስንት ሰው እንደሆናችሁ፣ ከየት እንደምትመጡ፣ የአንዱን ሰው ስልክ። ኩክና ጫኝም ቢሆን ፎቶ ይላክ፤ የተተከለ ድንኳን፣ የተሰናዳ ገበታ። የራሳችሁን ፊት ብቻ አትላኩ።

ኅዳር ላይ በር አንኳኩ

ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ዳባት 75። ማለዳ ወርዳችሁ ጉዳይ ፈጽማችሁ በዚያው ቀን መመለስ ይቻላል። ከመነሳታችሁ በፊት የመናኸሪያ ሹፌሮችን የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። ባለፉት ዓመታት ኮሮናው፣ ጦርነቱና የጸጥታው ችግር ተራራውንም ከተማውንም እንግዳ አሳጥተዋል፤ መንገድ ሲዘጋ ዝግጅትም ይሰረዛል፣ ስለዚህ ያላችሁን ገንዘብ በሙሉ በአንድ በዓል ላይ አታፍስሱ።

ሰኞ ጧትና ዓርብ ከሰዓት ማንንም አትሂዱበት። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ረፋድ ይሻላል። መጀመሪያ ሆቴሎቹ፤ እንግዳ መቀበያውን ሳይሆን የምግብና መጠጥ ኃላፊውን ወይም የግቢ ዝግጅት የሚያዘውን ጠይቁ። ቀጥሎ ድንኳንና ሞንታርቦ የሚያከራዩት። እነዚህ ወርቅ ናቸው። ማን ምን ዝግጅት እንዳለው ከማዘጋጃ ቤቱ በፊት ያውቃሉ፤ የዝግጅቱ ሁሉ ዕቃ አስቀድሞ የሚያዘው በእነርሱ ዘንድ ነውና። ከዚያ የከተማው ባህልና ቱሪዝም መምሪያ። በመጨረሻ አስጎብኚ ድርጅቶች፤ እነዚህን ግን ደባርቅ ድረስ ሲመጡ እዚያው ማግኘት ይቀላል።

ስልክ ስትደውሉ እንዲህ ይሁን፤

"ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፤ ከደባርቅ ነው የምደውለው። ቢመችዎ ሁለት ደቂቃ ልውሰድብዎ?"

"ምን ልርዳህ?"

"ለጥምቀት ሰሞን ከመድረክ ጀርባ ዕቃ የምንጭንና የምንተክል ሰባት ልጆች ነን። ተራራ ላይ በዚሁ ሥራ ስድስት ዓመት ሠርተናል። ሰው ይዘው ከሆነም አይጨነቁ፤ የጎደለ ቀን እንዲደውሉልን ስማችንን ልተውልዎ።"

"ሰው ይዘው ከሆነም" የሚለው ቃል ትልቅ ነው። ጥምቀት ሰሞን ቃል ገብቶ የሚቀር ሰው ብዙ ነው፤ ጥር 8 ማታ አዘጋጁ የሚደውለው ስሙን ለተወለት ነው። ሁለተኛውን ስልክ በታኅሣሥ አጋማሽ፣ ሦስተኛውን ጥር 2 ደውሉ። ከዚያ በላይ ማስቸገር ይሆናል።

ደላላ ይመጣባችኋል። ኮሚሽን የሚወስድ ደላላ ሁሉ ሌባ አይደለም፤ ሥራ አምጥቶ ከክፍያው የሚቆርጥ የሚታወቅ ነገር ነው። "ለመመዝገቢያ" ብሎ አስቀድሞ የሚቀበላችሁን ግን ሽሹት። እህቶች ሆይ፣ ለአስተናጋጅነት ወይም ለፕሮቶኮል ስትጠሩ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፣ የት እንደምታድሩ ሳይነገራችሁ አትነሱ፣ "ማደሪያው እዛው ይታያል" ያላችሁን ሰው እምቢ በሉት።

ስለ ገንዘብ

ማፈር እዚህ ላይ ነው ዋጋ የሚያስከፍለው። ቀኑ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ነው? ከምሽት በኋላ ሲቀጥል ጭማሪ አለ? ምግብ የማን ነው? መሳፈሪያና ማደሪያስ? ማደሪያውን በተለይ ጠይቁ፤ በዚያ ሰሞን የጎንደር አልጋ ዋጋው ሰማይ ይነካል፣ ዘመድ ቤት ከሌላችሁ የሦስት ቀን ደመወዝ ትራስ ላይ ይቀራል። ዝግጅቱ ቢሰረዝ ምን ይሆናል? ቀብድ ተቀበሉ፤ ቢያንስ መሳፈሪያውን። የተስማማችሁትን ሁሉ ያን ዕለት በስልክ መልእክት ጽፋችሁ ላኩለትና "እሺ" ያስብሉት። ውል ማለት ለእኛ ዓይነት ሥራ ያ ነው።

ለአዝማሪዎችና ለጭፈራ ቡድኖች ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው ሽልማት ነው። ግንባር ላይ የሚለጠፈው ብር የማን ነው? የሸለመው ድምፃዊዋን ነው፣ ግን ያስጨፈረው ማሲንቆው ነው፣ ቤቱም ድርሻ ይፈልጋል። ከመድረክ ከወረዱ በኋላ የሚነሳ ጠብ ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚህ ነው፤ ስለዚህ ስትወጡ ሳይሆን ከመውጣታችሁ በፊት ተካፈሉት። ሽልማትን ግን የሚንቅ ሰው ካለ አዲስ አበባ ካዛንቺስ የነበረውን ፈንድቃን ይጠይቅ። ጨፋሪው መላኩ በላይ እዚያ ቤት ውስጥ ለዓመታት የጨፈረው በሽልማት ብቻ ነበር፤ በኋላ ያንኑ አዝማሪ ቤት ተረክቦ የባህል ማዕከል አደረገው፣ ከቡድኑም ጋር የዓለምን መድረኮች ዞረ። ሁለተኛው ቀረጻ ነው። በ1996 ዓ.ም የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ከዋኝ ለሚላቸው፣ ማለትም ለእናንተ፣ ትርዒታችሁ እንዲቀረጽና እንዲሰራጭ የመፍቀድ መብት ይሰጣል። ለዜና ሁለት ደቂቃ ቢቀርጿችሁ አትጣሉ። ሙሉ ዝግጅታችሁን ቀርጾ የሚሸጥ ሲመጣ ግን ዋጋ ጠይቁ።

በነጻ ሥሩ ሲባልስ? አንድ ጊዜ፣ ለአንድ አዘጋጅ፣ በምትኩ የሥራ ልምድ ደብዳቤና ጥሩ ቪዲዮ የሚሰጥ ከሆነ። በሁለተኛው ዓመትም "ታይታ ነው፣ ስም ታተርፋላችሁ" ካለ "ጋሼ፣ ስሙ ሽሮ አይገዛም" በሉት፤ በትሕትና።

ርብራቡ ላይ አትቸኩሉ

ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም፣ በዓሉ በዩኔስኮ ከተመዘገበ በኋላ በመጀመሪያው ጥምቀት፣ ፋሲል መዋኛ ላይ ለተመልካች የተሠራ የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ አሥር ያህል ሰዎች ሞቱ፣ ከመቶ በላይ ቆሰሉ። ይህን የማነሳው ለማስፈራራት አይደለም፤ ርብራብና መድረክ የሚሠሩት፣ ተራ የሚያስይዙት፣ ሰው የሚያወጡት እንደናንተ ያሉ የቀን ሠራተኞች ስለሆኑ ነው።

መድረክ ስትተክሉ ምሰሶው ልል አፈር ላይ ከቆመ ከሥሩ ጣውላ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጉ። ቀጥ ያሉ ምሰሶዎች ብቻቸውን አይበቁም፤ በአግድመት የሚያያዝ ማገርና በሰያፍ የሚደገፍ እንጨት ከሌለ ሰው አንድ ላይ ሲጨፍር ወደ ጎን ይሄዳል። እስክስታ ደግሞ ዝም ብሎ እንደመቀመጥ አይደለም። አንድ ሰው ከሥር ገብቶ በየሁለት ሰዓቱ ምስማሩንና ጠፍሩን ይይ። በር ላይ የቆማችሁ ከሆነ ስንት ሰው እንደሚይዝ ከሠራው አናጢ ጠይቁ፣ ቁጥሩ ሲሞላ ዝጉ፤ ባለሥልጣን ቢመጣም ዝጉ። "ይችላል፣ ግቡ" የሚል አለቃ ካለ ከሥሩ ዘወር በሉ። የቀን አበል ሊቀር ይችላል። ይቅር።

ከጥር 9 እስከ 12

ጥር 9 ማታ መድረስ አይበጅም፤ ጥር 8 ግቡ። ከከተራ በፊት የሥራ ቦታችሁን በእግር ሄዳችሁ እዩ፤ በከተራ ዕለት መንገዱ በሰው ስለሚሞላ ከፒያሳ እስከ መዋኛው የምታውቁት መንገድ አይገኝም። ስልክ ኔትወርክ ይጨናነቃል፤ "እደውልልሃለሁ" አይሠራም። "አራት ሰዓት ላይ ጃንተከል ዋርካ ሥር" ተባባሉ። ለደባርቅ ሰው የጎንደር ሌሊት ብርድ አይደለም፣ ነገር ግን ቁጭ ብሎ ሲጠብቁ ይታደራልና ጋቢ አይቅር። ቡድኑ ውስጥ አንድ ሰው ገንዘብና መታወቂያ ብቻ ይያዝ፤ በዚያ ሕዝብ መሀል ኪስ አውላቂ ከናንተ በፊት ሥራውን ጀምሯል።

ታቦት ሲያልፍ ሥራ ይቆማል። የያዛችሁትን አስቀምጡ፣ ተሻገሩ፣ ቁሙ። ይህን የማያውቅ የውጭ ካሜራማን ቢጎትታችሁ በትሕትና አስረዱት፤ ያ ማስረዳት ራሱ የሚከፈልበት ሙያችሁ ነው።

ከዚያ በኋላ ተራራው አለ

የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ጥር 12 ሲገባ ለብዙዎች ጥምቀት አለቀ፤ ለእናንተ ግን ግማሹ ገና ነው። በጥር ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ጭላዳው በሜዳው ይሰማራል፣ ከሩቅ የመጣው እንግዳም ጎንደር ድረስ ከመጣ አይቀር መውጣት ይፈልጋል። ወደ ሳንቃበር የሚሄደው መኪና ደባርቅ ላይ ትኬት ለመቁረጥ ይቆማል። ያ ቆይታ መድረክ ነው። በዛንዚባር ድንጋያማ ከተማ ከ2004 እ.ኤ.አ ጀምሮ የሚካሄደው የሳውቲ ዛ ቡሳራ የሙዚቃ ፌስቲቫል ለከተማዋ የሚተወው ጥቅም ትኬቱ ብቻ አይደለም፤ እንግዳው ከመድረክ ወጥቶ ለምግቡ፣ ለማደሪያውና ለሚመራው ሰው የሚከፍለውም ጭምር ነው። ደባርቅ ላይ ሁለት ሰው ማሲንቆና ዋሽንት ይዞ፣ አንዲት እናት ቡና አፍልታ፣ ጎን ላይ የበግ ፀጉር ቆብ ቢደረደር ምን ይጎድላል? ወደ ጃናሞራ የሚወጣ ካለም ደረስጌ ማርያም አለች፤ አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም የነገሡባት ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ታሪኳን ባጭሩ ነግሮ የሚመልስ ወጣት ትፈልጋለች። ከመጀመራችሁ በፊት ግን የከተማውን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትና የጋይዶችን ማኅበር አነጋግሩ፤ ሰው ተራ ላይ ገብቶ የሚቀማ መስሎ መታየት ጠላት ያፈራል።

ጥር 14 ወይም 15 ላይ ለሠራችሁለት ሰው ደውሉ። ቀሪ ክፍያ ካለ በዚያው አስታውሱት፣ ከሌለ አመስግኑት። የሥራ ልምድ ደብዳቤውን አሁኑኑ ጠይቁ፤ በግንቦት ብትጠይቁ ማን እንደነበራችሁ ይረሳል። ምን ጎደለ፣ ምን ደስ አላችሁ በሉት፤ የሚነግራችሁን ሳትከራከሩ ጻፉት። ከዚያ "ለመስቀል ምን አስባችኋል?" ብላችሁ ጠይቁ። ስልኩን ስትዘጉ ደብተሩ ላይ የሰውየውን ስም፣ የተከፈላችሁን ልክና "ነሐሴ 20 ደውል" የሚለውን ጨምራችሁ ጻፉ።